ከአሞሌ ጨው እስከ ሱፐርማርኬት
የቆቦና የራያ ቆላ የምግብ ግብይት አጭር ታሪክ

(በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ)

ገበያ ማለት ሰው ያለውን ሰጥቶ የሌለውን የሚያገኝበት ስፍራ ነው። ገበሬም ቢሆን ከብት አርቢ፣ ባለጠጋም ቢሆን ድኻ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከራሱ ደጅ አግኝቶ ሊኖር የሚችል ሰው በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ የአገሩን ታሪክ ለመማር የሚፈልግ ተማሪ የነገሥታቱን ስምና የጦርነቱን ቀን ካጠና በኋላ፣ እናቶች በዘንቢላቸው ምን ይዘው ወደ ገበያ እንደ ወጡ፣ ምንስ ይዘው ወደ ቤታቸው እንደ ተመለሱ መጠየቅ ይገባዋል። የታሪክ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ይህን አይነግሩንም፤ አያቶቻችን ግን ያውቁታል።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች የሰማነውን፣ በክፍል የተማርነውንና በልጅነታችን በዓይናችን ያየነውን አንድ ላይ አድርገን ስለ ቆቦ ገበያ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን። ልናስረዳ የምንወደውም አንድ ቁም ነገር አለ። እርሱም እህል በገበያ ላይ መኖሩ ብቻውን ሰውን አያጠግብም የሚል ነው። ገበያ ገበያ የሚሆነው ገዢው በእጁ የሚሰጠው ሲኖረው፣ መንገዱ ሲከፈት፣ ሻጭና ገዢም ሲተማመኑ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር፣ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የስፍራው አቀማመጥ

ቆቦ በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በሰፊ ሜዳ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ፤ ከእነርሱም ወዲያ የአፋር በረሃ ይጀምራል። በሜዳው ላይ የክረምት ጎርፍ የሚያመጡ እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች ይወርዱበታል። ገበሬውም ይህን ጎርፍ እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባል፤ ዝናብ ሲያጥር የሚያድነው ይኸው ነውና።

የዚህ አገር እህል ከሁሉ በላይ ማሽላ ነው። ገበሬዎቻችን ማሽላን እንዲሁ ማሽላ ብለው አያልፉትም፤ ደጋሊት፣ ጅጉርቲ እያሉ በየስሙ ይለዩታል። አንዱ ለእንጀራ ይመረጣል፤ ሌላው ድርቅ በመቻሉ ይመሰገናል። እኛም ልጆች ሳለን አገዳው የሚጣፍጠውን ጥንቅሽ እየመጠጥን አድገናል።

እንግዲህ ደጋው፣ ሜዳውና በረሃው በአንድ ስፍራ ስለሚገናኙ ገበያ መቆሙ የግድ ነበር። ደገኛው ገብስ፣ ባቄላ፣ ማርና በግ ይዞ ይወርዳል። አፋሩ ግመል፣ ፍየል፣ ቅቤና ጨው ይዞ ይመጣል። የራያ ሰው ደግሞ ማሽላውን፣ ጤፉንና በሬውን ያቀርባል። በገበያውም አማርኛ፣ ትግርኛና አፋርኛ ይሰማል። ክርስቲያንና እስላም ሥጋውን ለየብቻ ያርዳል፤ እህሉን፣ ጨውንና ቡናውን ግን ከአንድ መደብ ይሸምታል። ከቆቦ በስተ ደቡብ ያለችው ሮቢትም፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን የገበያ ስፍራዎች፣ የሳምንቱን ቀን በስሟ ይዛ ትኖራለች።

ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን

የዛሬው የራያ ቆላ ቀድሞ አንጎት ይባል ከነበረው ሰፊ አገር ጋር የተያያዘ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ በኩል አልፎ ያየውን ጽፏል። በጽሑፉም ከአንጎት በስተ ሰሜን ማናደሌ ስለምትባል፣ እስላም ነጋዴዎች ስለሚኖሩባትና ብዙ ሸቀጥ ስለሚገኝባት ከተማ ያወራል። ደግሞም በአገሩ ሁሉ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከሚወጣበትም ስፍራ እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ያስረዳል። ስለዚህ በአገራችን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተደራጀ የንግድ መንገድና የታወቀ ገንዘብ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ጨው አሞሌ ነው። ከአፋር ዝቅተኛ በረሃ እንደ ጡብ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ዶሮና ቡና በአሞሌ ይገዛል፤ ከአሞሌ ያነሰ ነገር ሲገዛም ጨው ይሰበራል። አሞሌ ከሌላው ገንዘብ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ባለቤቱ ሲቸግረው ወጥ ውስጥ ጨምሮ ሊበላው ይችላል። ክፋቱ ግን ዝናብ ያሟሟዋል፤ መንገድም ላይ ይሰበራል። «አንተ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ያገራችን ተረት በገበያ መካከል የተወለደ ይመስላል።

ለትልልቅ ግዢ ደግሞ የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። ይህች የኦስትሪያ ንግሥት የሞተችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው። ብሩ ግን ከሞተችም በኋላ ይኸው ዓመት እየተጻፈበት ሲመታ ኖረ። ያገራችን ሰው ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ጎልተው መታየታቸውን ይመረምር ነበር፤ የደበዘዘውን አልቀበልም ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1894 ጀምሮ የራሳቸውን ምስል ያለበት ብር ቢያስመቱም፣ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ብር በቶሎ አልተወውም። በመጨረሻ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ. ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከነሳንቲሙ በሥራ ላይ ዋለ። አያቶቻችን 25 ሳንቲምን ስሙኒ፣ 50 ሳንቲምን ሽልንግ እያሉ ሲያወሩ ስንሰማ የዚያን ዘመን ገበያ ድምፅ የሰማን ያህል ነው።

ቁናና ምርቃት

በጥንቱ ገበያ እህል የሚሰፈረው በቁና ነበር፤ ለጥቂቱ ጣሳና ስኒ ይበቃል። ከባዱ ሸቀጥ፣ እንደ ቡናና እንደ ሰም ያለው፣ በፈረሱላ ይመዘናል፤ አንድ ፈረሱላም 17 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሆኖም የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ጋር እኩል አልነበረም። ስለዚህ ሻጩ ቁናውን ከሰፋ በኋላ አፉ ላይ ቁልል ማድረጉ ወይም በእጁ መላጉ ብዙ ያከራክር ነበር። በትምህርት ቤት የተማርነው መጽሐፈ ምሳሌ የሐሰት ሚዛንን አጥብቆ የሚያወግዘው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 መንግሥት የመስፈሪያና የሚዛን አዋጅ አውጥቶ ኪሎና ሜትር በአገሩ ሁሉ እንዲሠራባቸው ደነገገ። ጣሳና ስኒ ግን ከጉልት ላይ እስከ ዛሬ አልተነሡም።

ከመስፈሪያው ሌላ ምርቃት የሚባል መልካም ልማድ አለ። ሻጭ ለክቶ ከሰጠ በኋላ በእፍኙ ጥቂት ይጨምራል። ገዢውም «መርቂልኝ እንጂ እትዬ» ብሎ መጠየቁ ነውር አይደለም። ይህ እፍኝ በሚዛን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን «ነገም ወደ እኔ ተመለስ» የሚል ቃል ኪዳን ነው። ምርቃት የለመዱ ሻጭና ገዢ በክፉ ቀን ዱቤ ይሰጣጣሉ። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

መንገዱ ከተሠራ በኋላ

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ. ም. የማይጨው ጦርነት ከተደረገ በኋላ ኢጣልያኖች አገሩን ይዘው ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሠሩ። መንገዱ ከአላማጣ አቀበት ወርዶ በቆቦ ሜዳ አልፎ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ይሄዳል። የተሠራው ለጦር ሠራዊትና ለቅኝ ግዛት ጥቅም ነው። ኢጣልያኖቹ በ1933 ዓ. ም. ከተሸነፉ በኋላ ግን መንገዱ ለነጋዴው ቀረ። በበቅሎ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረውን ጉዞ ካሚዮን በአንድ ቀን ጨረሰው።

ከመንገዱ ጋር አዳዲስ ምግቦችና አዳዲስ ቃላት መጡ። ፉርኖ፣ ፓስታ፣ ሳልሳ፣ መርካቶ የምንላቸው ሁሉ የኢጣልያ ቋንቋ ናቸው። ሱቅ ውስጥ ሻጭና ገዢ የሚለያዩበትን ባንኮኒ እንኳ የጠራነው በእነርሱ ቃል ነው። ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ. ም. ሥራ ሲጀምር፣ ስኳር ከባለጠጎች ቤት ወጥቶ በየሱቁ እየተመዘነ መሸጥ ጀመረ።

በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የመጀመሪያዎቹ ባለሱቆች የየመን ዐረቦች ነበሩ። ስለዚህ በአንዳንድ ስፍራ ሱቅ መሄድን «ዐረብ ቤት መሄድ» ይሉት ነበር። በሱቁ ውስጥ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙናና ክር ይገኛል። ባለሱቁ ስኳሩን በጋዜጣ ወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል፤ የዱቤውንም ሒሳብ በደብተር ይጽፋል። ሱቅ መድረስ ላልቻለ ደግሞ ሱቅ በደረቴ ሸቀጡን በአንገቱ አንጠልጥሎ እስከ ደጁ ይመጣለታል። የሳምንቱ ገበያ የእህልና የከብት ሲሆን፣ ሱቅ ደግሞ የየዕለቱ ጉድለት መሙያ ሆነ።

ገበያ ሞልቶ ቤት ባዶ የሆነበት ዘመን

እስካሁን የተናገርነው የዕድገት ታሪክ ነው። ዳሩ ግን የወሎን ገበያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ ራብ ሳይጽፍ ቢያልፍ እውነቱን ደበቀ ማለት ነው።

በ1965 ዓ. ም. በወሎ ጽኑ ራብ ሆነ። ዝናብ ቀርቶ አዝመራው ስለ ጠፋ ገበሬው የሚበላውም የሚሸጠውም አጣ። የተራቡ ሰዎች በአውራ ጎዳናው ዳርና ዳር ተሰልፈው አውቶቡሶችንና መኪናዎችን እያስቆሙ ይለምኑ ነበር። በጥቅምት ወር 1966 ዓ. ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም ነገሩን ለዓለም ገለጠው። ራቡን መደበቁም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ከዙፋናቸው ከወረዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተቆጠረ።

ስለዚህ ራብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመውን ነገር የጻፈው የህንዱ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በራቡ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው ከልክ በላይ እንዳልናረ አሳይቷል። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የተጫነ እህል ነበረ። ታዲያ ሰው ለምን ተራበ? ሴን የሚሰጠው መልስ እንዲህ ነው። ገበሬው አዝመራው ሲጠፋ ምግቡ ብቻ ሳይሆን የመግዣ አቅሙም አብሮ ጠፋ። ዋጋው ያልናረው የሚገዛ ስላልነበረ ነው።

አፋሩ ደግሞ ከገበሬው የባሰ ተጎዳ። እርሱ የሚኖረው እንስሳውን ሸጦ እህል በመሸመት ነው። በድርቁ ከብቱ አለቀ፤ የተረፈውም ከሳ። ሁሉም በአንድ ቀን ከብቱን ወደ ገበያ ሲነዳ የከብት ዋጋ ወደቀ። ስለዚህ አንድ ፍየል የሚገዛው እህል ከቀድሞው እጅግ አነሰ። ከዚያም በፊት በአዋሽ ሸለቆ የተቋቋሙት የጥጥ እርሻዎች የበጋ ግጦሹን ወስደውበት ነበር። የደጋው፣ የሜዳውና የበረሃው ገበያ እርስ በርሱ የተያያዘ መሆኑን በዚህ እናያለን፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

በኦሪት ዘፍጥረት የግብፅን ሰባት የራብ ዓመታት ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ሥርዐት ያውቀዋል። ሕዝቡ እህል ለመግዛት በመጀመሪያ ብሩን ሰጠ፤ ቀጥሎ ከብቱን ሰጠ፤ በመጨረሻም መሬቱንና ራሱን ሰጠ። ጎተራው ግን ሙሉ ነበር። ያገራችንም ድኻ በዚሁ ቅደም ተከተል ሄዷል። በፊት ፍየሉን፣ ከዚያ በሬውን፣ ከዚያ የቤቱን ዕቃና የሴቶቹን ጌጥ ይሸጣል፤ በመጨረሻ ቤቱን ዘግቶ ወደ መንገዱ ይወጣል። በሬውን የሸጠ ገበሬ ዝናብ ቢመጣለትም በምን ያርሳል?

ከ11 ዓመት በኋላ ይኸው መከራ ተመለሰ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ. ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ከካሜራ አንሺው ከሞሐመድ አሚን ጋር ሆኖ ከኮረም ያስተላለፈው ዜና ዓለምን አስለቀሰ። ኮረም ከአላማጣ አቀበት በላይ ያለች፣ ለእኛ ጎረቤት የሆነች ከተማ ናት። የዚያን ጊዜ ልጆች የነበሩ ወላጆቻችን ስለዚያ ዓመት ሲጠየቁ ብዙ አይናገሩም። በማዕዳቸው ላይ ግን የእንጀራ ቁራሽ ሲወድቅ ዝም ብለው አያልፉም፤ አንሥተው ይስማሉ።

የኬላውና የኅብረት ሱቁ ዘመን

በደርግ ዘመን ገበያ በመንግሥት እጅ ገባ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። ገበሬውም ከምርቱ የተወሰነውን ኮታ መንግሥት በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ ታዘዘ። በየመንገዱ ኬላ ተተክሎ ነጋዴ እህል ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እንዳያሳልፍ ይከለከል ነበር። እህል ከተረፈበት አገር ወደ ጎደለበት እንዳይሄድ ሲከለከል የሚጎዳው እንደኛ ያለው ድርቅ የሚደጋግመው አገር እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

በከተማ ደግሞ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ተከፈተ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ዱቄት ለየቤተ ሰቡ በካርድ ይታደል ነበር። ባልቴቶቻችን የሰልፉን ርዝመት፣ ተራ እንዳይጠፋ ድንጋይ ወይም ዘንቢል ማስቀመጥን ያወሩልናል። እውነቱን ለመናገር ኅብረት ሱቁ ሁለት መልክ አለው። ድኻውም ባለጠጋውም አንድ ዐይነት ካርድ በመያዙ መልካም ነበር፤ ዕቃው ብዙ ጊዜ ከሰልፉ መካከል በማለቁ ግን ክፉ ነበር። በየካቲት ወር 1982 ዓ. ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታውና ኬላው ተነሣ።

የልጅነታችን ገበያ

እኛ በልጅነታችን ያወቅነው ገበያ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው ነው። በገበያ ቀን ከእናቶቻችን ጋር ስንወጣ ሥራችን ዘንቢል መያዝና ከሰው መካከል አለመጥፋት ነበር። እህሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ ይደረደራል። የጆንያውን ስም ማዳበሪያ ያሰኘው ቀድሞ የያዘው ነገር ነው፤ ስልቻና አቁማዳ ግን ወደ ሙዚየም ለመግባት ተቃርበዋል። ሽማግሌዎች ማሽላውን በመዳፋቸው አፍሰው ያሸታሉ፤ በጥርሳቸውም ይሰብሩታል። እኛ የምንጠብቀው ከሁሉ በኋላ የሚገዛውን ሸንኮራ ወይም ከረሜላ ነው።

በየዕለቱ ደግሞ ወደ ሱቅ እንላካለን። ቡና በስኒ፣ በርበሬ በማንኪያ፣ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ እየተሰፈረ ይሰጠናል። ሳንቲም ከሌለን «እማዬ በደብተር ጻፈው ብላለች» እንላለን፤ ባለሱቁም ይጽፈዋል። ስኳርና የፓልም ዘይት በሸማቾች ማኅበር ሲመጣ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። ወላጆቻችን «ይህ ሰልፍ ከእኛ ዘመን ተከትሎን መጣ» እያሉ ይሥቁ ነበር።

የቆቦና የጊራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውኃ በመስኖ ሲለማ ሜዳው በሽንኩርትና በቲማቲም ተሸፈነ። መኪናዎች እየጫኑ ወደ ሩቅ ከተሞች ይወስዱታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያነሣ ዋጋው ይወድቅና ቲማቲሙ በማሳ ይበሰብሳል፤ ሲጠፋ ደግሞ የሚበቅልበት አገር ሰው ራሱ በውድ ይገዛዋል። ይህም ስለ ፍየሉ የነገርናችሁን የሚመስል ነው።

በ2013 ዓ. ም. መጀመሪያ፣ ማሽላው ለአጨዳ ሲቃረብ፣ የአንበጣ መንጋ በራያ ሜዳ ላይ ወረደ። ገበሬውም ተማሪውም ጣሳ እየመታ፣ ጅራፍ እያጮኸ ሊያባርር ሞከረ። በብዙ ስፍራ ግን አገዳው ብቻ ቆሞ ቀረ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በሐምሌ ወር፣ ጦርነቱ ወደ ቆቦ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. ድረስ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ መንገዱም ተዘግቶ ቆየ። ቴሌብር የተባለው በስልክ መክፈያ ሥራ የጀመረው በግንቦት ወር 2013 ዓ. ም. ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በእኛ አገር ስልኩ ራሱ ዝም አለ። በባንክ ገንዘብ ያለውና የሌለው ሰው እኩል ሆኑ። ገንዘብ በሌለበት ሰው እንደ ጥንቱ በዐይነት መለዋወጥ ጀመረ። ሽንኩርት ያለው ከማሽላ ጋር ለወጠ፤ ጨው ያለው ሰው እንደ አሞሌ ዘመን ባለጠጋ ሆነ። ወፍጮ በመብራት እጦት ሲቆም እናቶች እህሉን ቀቅለው ወይም ቆልተው አቀረቡልን።

በዚያን ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ያዳነው ምርቃትና ዱቤ ነው። ደብተሩን ከፍቶ መቼ እንደሚከፈለው ሳያውቅ የጻፈ ባለሱቅ ነበረ። ቁናዋን ከጎረቤቷ ጋር የተካፈለች እናት ነበረች። እንዲሁም አከማችቶ በዋጋ የጨከነ አልጠፋም። ክፉ ቀን የሰውን ሁሉ ሚዛን አወጣ። በነሐሴ 2014 ዓ. ም. ጦርነቱ ተመልሶ መጥቶ ገበያው ዳግመኛ ተበተነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. በፕሪቶርያ ስምምነት ሲፈረም፣ እኛ የሰላምን መምጣት ያወቅነው ከአዋጁ ይልቅ የጨውና የዘይት ዋጋ መውረድ ሲጀምር ነው።

ስለ ሱፐርማርኬት

አሁን ደግሞ በከተሞቻችን ሱፐርማርኬት የሚል ሰሌዳ እየበዛ መጥቷል። ይህ ነገር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። ቀድሞ በአሜሪካም ቢሆን ገዢ ከባንኮኒ ወዲህ ቆሞ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ሻጩም ከመደርደሪያው ያወርድለታል። ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 6 ቀን 1916 በሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን ሱቅ ሲከፍት ይህን ለወጠው። ገዢው ራሱ ገብቶ ከመደርደሪያ አንሥቶ በር ላይ እንዲከፍል አደረገ። በ1930 ማይክል ከለን በኒው ዮርክ ትልቁን የምግብ መደብር ከፈተ። በ1937 ደግሞ ሲልቫን ጎልድማን በኦክላሆማ ሲቲ የሚገፋውን የዕቃ ጋሪ አመጣ። በእኛም አገር በሚያዝያ 2016 ዓ. ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ አገር ባለሀብቶች ስለ ተከፈተ፣ ከእንግዲህ ትልልቅ መደብሮች ይበዛሉ ተብሎ ይጠበቃል።

ሱፐርማርኬት መልካም ጎን እንዳለው አንክድም። ዋጋው ተጽፎ ይታያል፤ ሚዛኑ ተፈትሿል፤ ሕፃን ቢላክም ባለሥልጣን ቢመጣ አንድ ዋጋ ይከፍላል። ነገር ግን ሱፐርማርኬት ዘይት በስኒ አይሸጥም። የታሸገውን ሙሉ መግዛት የማይችል ድኻ ከበሩ ይመለሳል፤ ከጉልቷ ሴትዮም በጥቂት በጥቂቱ ሲገዛ በድምሩ ከባለጠጋው አብልጦ ይከፍላል። ደግሞም መደርደሪያ አይመርቅም፤ የሒሳብ መኪናም ዱቤ አያውቅም። ስለዚህ ጉዳዩ ጉልት ይቅር፣ ሱፐርማርኬት ይምጣ የሚል አይደለም። የአንዱን እውነተኛ ሚዛን ከሌላው ርኅራኄ ጋር ማስማማት ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? በአሞሌ ዘመንም ሆነ በቴሌብር ዘመን ሰው የሚራበው ምግብ ከዓለም ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም። በእጁ የሚለውጠው ሲያጣ፣ መንገዱም ሲዘጋ ይራባል። እንግዲህ ገበያን የሚጠብቅ ሰው ጎተራን ከመሙላት አልፎ የገበሬውን በሬና የአፋሩን ፍየል መጠበቅ አለበት። መንገድም በማናቸውም ጊዜ ለእህል ክፍት እንዲሆን ማድረግ አለበት።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ይህ ሥራ የሁላችንም ነው። ከመካከላችን እርሻ የሚማር ማሽላውና ቲማቲሙ ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ ይፈልግ። ንግድ የሚማር ሚዛኑን አያዛባ። በመንግሥት ሥራ የሚገባ ደግሞ ኬላ ከመትከሉ በፊት ከኬላው ወዲያ ያለችውን እናት ያስብ። በታችኛው ክፍል ያላችሁ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ በየዘመኑ ምን እንደ ሸመቱና በምን እንደ ሸመቱ ጠይቃችሁ ጻፉ። የሚቀጥለው የበዓል መጽሔት በሚታተምበት ጊዜ እኛ በያለንበት እናነበዋለን።